የባኩዋ ሴትዮና እትዬ

አዋሽ ሰባት ኪሎ በደረስኩ ቁጥር አንድ የሞኝ ነገር አደርጋለሁ። ከአውቶቡስ ወርጄ፣ እግሩን እንደሚያፍታታ ሰው ቀስ እያልኩ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ እሄድና ሁለት የብረት ምሰሶ እፈልጋለሁ። ምሰሶዎቹ የሉም። ከጠፉ ዘመን የለውም፤ ይሄኔ የአንዱ አጥር ወይም የፍየል በረት ማዕዘን ሆነዋል። ግን እፈልጋለሁ። በቀደምም ፈለግኩ። ረዳቱ ከሩቅ ሆኖ ‹‹ጋሼ፣ ሽንት ቤቱ በዚህ በኩል ነው!›› ብሎ ጮኸብኝና ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

አባባ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እኔም እትዬም ያደግነው በፉጨት ነው፤ ባቡሩ ሲያፏጭ ምሳ፣ ሲያፏጭ እራት። ከጣቢያው ጀርባ በሠራተኞቹ መኖሪያ አጠገብ በእነዚያ ሁለት ምሰሶዎች መካከል ከሲባጎ የተጎነጎነ መረብ ይወጠር ነበር። መስመሩ በአመድ ይሰመራል። 18 ሜትር በ9 ሜትር፤ ለአዋሽ ሙቀት ልከኛ ስፍራ። እግር ኳስ በዚያ ፀሐይ የሚጫወት ወይ እብድ ነው ወይ ውሻ የሚያሳድደው ሰው ነው። መረብ ኳስ ግን አመሻሹ ላይ፣ ነፋሱ ከገደሉ ሲነሳ፣ ሽማግሌው ጭምር ወንበር አውጥቶ የሚያየው ነገር ነበር።

እትዬ እዚያ ነው የተማረችው። የስፖርት አስተማሪያችን ሶቭየት ኅብረት ተምሮ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር፤ ፉጨቱን ከአንገቱ ሳያወልቅ ቡና ቤት የሚገባ። አንድ ቀን ከሻንጣው አንድ ያረጀ ባለ ሥዕል መጽሔት አወጣና ለሴቶቹ ልጆች አሳያቸው። አንዲት ሴት አየር ላይ ናት። ክንዷ ወደ ኋላ እንደ ቀስት ተለጥጧል፣ ዓይኗ ኳሱ ላይ ነው፣ እግሯ ሥር መሬት የሚባል ነገር የለም። አስተማሪው ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ እየተነተነ ‹‹ኢና ሪስካል፤ ባኩ›› ብሎ አነበበላቸው። እትዬ ገጹን ለምና ተቀበለችና በልብስ ሣጥኗ ክዳን ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በዱቄት ሙጫ ለጠፈችው። ሣጥኑ በተከፈተ ቁጥር ሴትዮዋ ትዘላለች።

ጊዜው 1973 ዓ.ም. ነው። ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም አሸንፎ አገሩ ገና አልበረደም። ምሩፅን ለመምሰል ጎረምሳው ሁሉ ጭንቅላቱን ይላጭ ነበር። የእኛ ቤት ጀግና ግን የባኩዋ ሴትዮ ነበረች።

የዚህችን ሴት ታሪክ የለቃቀምኩት ኋላ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ስለ ዶስቶየቭስኪ ማስታወሻ ማዘጋጀት ሲገባኝ የስፖርት ታሪክ እያገላበጥኩ። ተማሪዎቼ ይቅር ይበሉኝ።

ኢና ሪስካል የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1944 ባኩ ነው፤ ካስፒያን ባሕር ዳር ያለችው የነዳጅ ከተማ። የተጫወተችበት ክለብ ‹‹ኔፍትያኒክ›› ይባል ነበር፣ ‹‹የነዳጅ ሠራተኛ›› ማለት ነው። በ1963፣ በ19 ዓመቷ፣ ከሶቭየት ብሔራዊ ቡድን ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች። በዓመቱ ቶኪዮ ሄደች። መረብ ኳስ ወደ ኦሊምፒክ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር።

ቶኪዮን እኛ የምናውቃት በአበበ ቢቂላ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱን ተቀድዶ ሳምንታት ያልሞሉት ጥቂት ነው ሲባል፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሣር ላይ ጂምናስቲክ መሥራት ጀመረ። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 13፣ በዚያችው ከተማ የሆነውን ግን የምናውቅ ጥቂት ነን። የሶቭየት ሴቶች ከጃፓን ሴቶች ጋር ገጠሙ። የጃፓኖቹ ቡድን አብዛኛው ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ካይዙካ ከሚገኘው ኒቺቦ የመጣ ነው። ቀን ሥራ ይውላሉ፣ ከዚያ ሂሮቡሚ ዳይማትሱ የሚባል አሠልጣኝ እስከ እኩለ ሌሊት መሬት ላይ ያንከባልላቸዋል። መንከባለል ስል ቀልዴን አይደለም፤ ኳስ ለማንሳት ተወርውሮ፣ በትከሻ ተገልብጦ፣ ወዲያው ተነስቶ መቆም የእነሱ ፈጠራ ነበር። ‹‹የምሥራቅ ጠንቋዮች›› ተባሉ። 15 ለ 11፣ 15 ለ 8፣ 15 ለ 13፤ ሦስት ለባዶ አሸነፉ። በቶኪዮና በአካባቢዋ ያን ጨዋታ በቴሌቪዥን ያየው ቤተሰብ 66.8 በመቶ ነበር ይባላል። የሃያ ዓመቷ ሪስካል ብሯን አጥልቃ ወደ ነዳጅ ከተማዋ ተመለሰች።

ያን ዘመን ጨዋታው ረጅም ነበር። ዛሬ እያንዳንዷ ኳስ ነጥብ ናት፣ ዙሩም በ25 ያልቃል። ያኔ ነጥብ የሚያስቆጥረው ሰርቪስ የመታው ወገን ብቻ ነው፤ ሌላው ቢያሸንፍ የሚያገኘው ሰርቪሱን ብቻ ነው። እየተለፋ ሰሌዳው ሳይነቃነቅ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። ትዳር ያለው ሰው ይህን ሕግ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አራት ዓመት ቆይታ ሜክሲኮ ሄደች። ጃፓንን 3 ለ 1 አሸነፉ፣ ወርቅ። በዚያ ኦሊምፒክ ማሞ ወልዴ የማራቶኑን ወርቅና የ10 ሺውን ብር አመጣልን። በ1970 ቡልጋሪያ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ1972 ሙኒክ፤ እንደገና ጃፓን፣ አምስት ዙር ሙሉ ተናንቀው 3 ለ 2፣ ሁለተኛ ወርቅ። የእኛው ማሞ አርባ ዓመት ይዞት ነሐስ፤ ምሩፅ በ10 ሺው ነሐስ፣ በ5 ሺው ደግሞ ሰዓቱ አልፎበት ውድድሩ ያመለጠው። በ1976 ሞንትሪያል፤ ሪስካል 32 ዓመቷ ነው፣ ጃፓኖቹ 3 ለ 0 አሸንፈው ወርቃቸውን መልሰው ወሰዱ። እሷ ደግሞ ብር። በብር ጀምራ በብር ጨረሰች። እኛ ሞንትሪያል አልነበርንም። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ አፍሪካውያን ውድድሩን ጥለው ሲወጡ ምሩፅም አብሮ ቀረ፤ አራት ዓመት ጠበቀ።

በመረብ ኳስ አራት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያለው ሰው በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። ጨዋታው በተፈጠረባት በአሜሪካዋ ሆልዮክ ከተማ ያለው የክብር አዳራሽም ስሟን መዝግቦታል። ሜዳሊያዎቹን ያገኘችላት አገር ግን ዛሬ የለችም፤ ባኩ የሌላ አገር ዋና ከተማ ሆናለች።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። እነዚህ ሴቶች በወረቀት ላይ ስፖርተኛ አልነበሩም። የሶቭየቱ ሰው ተማሪ ወይም ወታደር ወይም ሠራተኛ ነው የሚባለው፤ ‹‹አማተር›› ነው። እኛም ብንሆን አበበና ማሞ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር በእግር ኳስ አገር ያሸነፈው በፋብሪካ ስም ነው። በመረብ ኳሳችንም ስሙ የሚነሳው ሙገር ሲሚንቶ ነው፣ ብሔራዊ አልኮል ነው። ሲሚንቶና አረቄ! ነዳጅና ጥጥ! ይህ ጨዋታ አባቱ ፋብሪካ ሳይሆን አይቀርም። እኛም ሰፈር የባቡር ሐዲድ ነበር ያለው፤ ከሐዲዱ ጎን ደግሞ የአሰብ መንገድ። በሶቭየት እርዳታ ከተሠራው ከአሰብ ማጣሪያ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች አዋሽ ላይ ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹ የእትዬን ጨዋታ ቆመው ያያሉ። ‹‹ይቺ ልጅ እጇ መዶሻ ነው›› ይላሉ። እኔ በእሷ እጅ ስም ከረሜላ ተገዝቶልኛል።

አሁን ወደማልወደው ክፍል እመጣለሁ።

እናታችን በ1971 ዓ.ም. አረፈች። እትዬ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ስምንት። ከዚያ ወዲያ እንጀራውን የምትጋግረው፣ ሸሚዜን የምታጥበው፣ ሌሊት ስባንን ‹‹አለሁ፣ ተኛ›› የምትለኝ እሷ ናት። አስተማሪው አንድ ቀን ጠራኝና የታሸገ ፖስታ ሰጠኝ። ‹‹ለአባትህ። ዛሬውኑ።›› እኔ ደግሞ ማንበብ የምወድ ልጅ ነበርኩ። ከፈትኩት። እትዬ ለምርጫ ልምምድ ድሬዳዋ ሄዳ ሁለት ወር እንድትቀመጥ የአባት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጥሩ ከሆነች አዲስ አበባ ልትቀጥል ትችላለች ይላል፤ መልስ የሚጠበቅበት ቀን ተጽፏል። በሕይወቴ ጽሑፍን በጥንቃቄ አንብቤ ትርጉሙን የደረስኩበት ያኔ ነው። ትርጉሙ፦ ሌሊት ስትባንን ‹‹አለሁ›› የሚልህ የለም።

በማግስቱ ወደ ባቡሩ ድልድይ ሄድኩ። የአዋሽን ገደል ያየ ያውቀዋል፤ ወደ ታች ሲያዩት ሆድ ይባባል። ደብዳቤውን ለቀቅኩት። ነጭ ነገር ሆኖ እየዞረ ወረደ፣ ከዚያ አላየሁትም።

ቀኑ አለፈ። አስተማሪው እትዬን ‹‹ደብዳቤ ልኬ ነበር፤ አባትሽ ዝም አሉ›› አላት። ዛሬ የሚያነበኝ ወጣት ‹‹ለምን አባቷን አትጠይቅም?›› ይል ይሆናል። አባት አይጠየቅም ነበር። አባት ዝም ካለ እምቢ ብሏል ማለት ነው። ደግሞስ አባባ ልጅ በቁምጣ ስትዘል ደስ የሚላቸው ሰው አልነበሩም፤ ዝምታው ከጠባያቸው ጋር ገጠመ። እትዬ ሜዳ መሄድ ተወች። የሣጥኑን ክዳን ከፍታ ሥዕሉን በጥፍሯ ስትልጥ አይቻለሁ። ሙጫው ጠንካራ ስለነበር እግሮቹ ተለጥፈው ቀሩ።

በ1975 ዓ.ም. ዱብቲ ለተንዳሆ ጥጥ እርሻ ይሠራ ለነበረ መካኒክ ተዳረች። ጥሩ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። አዋሽ ወንዝ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ባሕር አይደርስም። በሰባት ኪሎ ገደል ገብቶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ በተንዳሆና በዱብቲ አልፎ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ደብዳቤዋ ከእሷ ሁለት ዓመት ቀድሞ ዱብቲ ገብቷል ብዬ አስብ ነበር። የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ እንዲህ ዓይነት ነገር ያስባል፤ ኃጢአቱን አሳምሮ ሲያስቀምጠው የቀለለ ይመስለዋል።

አባባ በ1984 ዓ.ም. ሞቱ። እትዬ ከዱብቲ በጭነት መኪና መጣች፣ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠች፣ አንድ እንባ አላፈሰሰችም። ጎረቤቱ ‹‹አንጀቷ ደረቀ›› አለ። እኔ ለሁለታችን የሚበቃ አለቀስኩ፤ ለምን እንደዚያ እንዳለቀስኩ የጠየቀኝ የለም።

ዘንድሮ ደወለችልኝ። ዛሬ ሎግያ ትንሽ ምግብ ቤት አላት፣ ቤቷ ሰመራ ነው። የልጅ ልጇ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ መረብ ኳስ ትጫወታለች። ለሥልጠና አዲስ አበባ እንድትሄድ የወላጅ ፊርማ የሚፈልግ ፎርም ይዛ መጥታለች፣ አባቷ፣ ማለትም የእትዬ ልጅ፣ አልፈርምም ብሏል። ‹‹አንተ የተማርክ ነህ፣ ና አነጋግርልኝ›› አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ ‹‹አባባ እኔን እንዳደረጉኝ ሊያደርጋት ነው።››

በማግስቱ ተሳፈርኩ።

ከአዋሽ እስከ ሰመራ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዋሽ አርባን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን አልፎ ነው የሚደረሰው። በ2017 ዓ.ም. መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ የአዋሽ ፈንታሌ ሰው ቤቱን ትቶ ወጥቶ እንደነበር ጎኔ የተቀመጠው ሰው አጫወተኝ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አንዱ የደርግ፣ ሌላው የወያኔ ዛፍ የሚለው ፕሮሶፒስ ግጦሹን ውጦታል። እሾሁን ያመጣው ማን እንደሆነ እንኳ በመንግሥት ስም ነው የሚለየው። ሚሌ ላይ ልጆች በአንድ ያለቀ ኳስ ይራገጣሉ፤ ኩዕሶን፣ ከፍየል ቆዳ በሚጠቀለል ኳስ የሚጫወቱትን የአፋሮችን ጨዋታ፣ አባቶቻቸው የሚያውቁት እዚያ አሸዋ ላይ ነው።

ሰመራ ስደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። እትዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ወፍራለች፣ ጉልበቷን ያማታል። ‹‹ሸበትክ›› አለችኝ። ‹‹አንቺስ?›› አልኳት። ‹‹እኔ ሂና ነው›› ብላ ሳቀች። ወዲያው ከተማው ዳር ወዳለ ሜዳ ወሰደችኝ። ሙቀቱ ከበረደ በኋላ ነው የሚጫወቱት። ሻሽ ያሰሩም፣ ፀጉራቸውን የጎነጎኑም፣ የአፋርም የወሎም ልጆች ናቸው። የልጅ ልጇ ስትዘል አየሁ። ክንዷ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ሌላ አልናገርም።

ማታ ከወንድሜ ልጅ ጋር፣ ማለት ከእህቴ ልጅ ጋር (እንደ ወንድም ስለምናይ እንዲህ እሳሳታለሁ) ተቀመጥን። ሾፌር ነው፤ የጅቡቲን መንገድ ይመላለሳል። ክፉ ሰው አይደለም። ‹‹አጎቴ፣ መንገዱን እኔ ነኝ የማውቀው፤ በመንገድ ላይ በልጃገረድ ላይ የሚደርሰውን አንተ አታውቅም›› አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እውነቱን ነው። እናቱ ጣልቃ ገባች፦ ‹‹አባባም መንገድ ያውቁ ነበር። እኔን ግን ያስቀሩኝ ለመንገዱ ብለው አይደለም። ወረቀቱን ተቀብለው ዝም አሉ። አንድ ቃል እንኳ ሳይሉኝ!››

ያኔ ነው የነገርኳት። ልጇ ፊት፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ። ፖስታውን፣ ድልድዩን፣ ሁሉንም።

የጠበቅኩት ሌላ ነበር። ‹‹ልጅ ነበርክ›› ትለኛለች ብዬ ነበር፤ በውስጤ ያን ዓረፍተ ነገር አርባ ዓመት ሙሉ ጽፌላታለሁ። እትዬ ሲኒውን አስቀመጠች።

‹‹አባባ አላዩትም?››

‹‹አላዩትም።››

‹‹ጭራሽ?››

‹‹ጭራሽ፣ እትዬ።››

ዝም አለች። ከዚያ፦ ‹‹ስለ ኳሱ ተወው። ድሬዳዋ ሄጄ ምን እንደምሆን እግዜር ያውቃል። እኔ ግን ለአባቴ አላለቀስኩም። ታማው ‹እህልሽን ልቅመስ፣ ነይ› ብለው በሰው ሲልኩብኝ ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀርቻለሁ። አውቀህ ነው ዝም ያልከው? ያንን እያየህ?››

‹‹አውቄ ነው›› አልኩ።

ተነስታ ጓዳ ገባች። ሦስተኛው ቡና አልተቀዳም። የእህቴ ልጅ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ፎርሙን ከቁም ሣጥኑ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተው። መፈረሙን አላየሁም፤ አልጠየቅኩትምም። ሌሊቱን ውጪ አልጋ ላይ ተጋድሜ የቦቴዎችን ድምፅ ስሰማ አደርኩ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻንጣዬን ስይዝ እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ ደጅ ቆማለች። ‹‹መቃብሩ አሁንም ያው ነው? አላፈረሱትም?›› አለችኝ። ያው ነው አልኳት። ቀድማኝ ተሳፈረችና መስኮቱ ዘንድ ተቀመጠች። እስከ ገዋኔ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ስለ ባኩዋ ሴትዮ የማውቀውን በስልክ በየጊዜው ስነግራት ኖሬያለሁ፤ ገዋኔን እንዳለፍን ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ፦

‹‹ያቺ ሴትዮ የመጨረሻውን ስንት ለስንት ነው የተሸነፈችው አልከኝ?››

‹‹ሦስት ለባዶ።››

‹‹ብር ነው አይደል የሰጧት?››

‹‹ብር ነው።››

‹‹ብርም ብር ነው›› አለችና የሚጋረፈው ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋችው።